ቤቱን ያስያዘው ሸርጣን

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ «አሰማን» በሉኝ።

ድሮ ነው፤ ግን መብራት ከገባ በኋላ ያለ ድሮ ነው። ሰው ባሕርን በወሬ ብቻ በሚያውቅበት ደጋ አገር፣ ባሻ ውብነህ የሚባል ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባሕር አኖረ። የባሕሩ ግድግዳ መስታወት ነበር። ከታች አሸዋ፣ ከመሃል ድንጋይ፣ ከላይ መብራት፣ ከጥግ ደግሞ ውሃውን የሚያናፍስ ነፊ ነበረው። ድንጋዩ ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱ፣ እንደ ቡጢ የሚጨበጡ የባሕር ፍጥረቶች ተተክለውበታል። ውሃው በጎደለ ቁጥር ባሻ ጨው በባልዲ በጥብጦ ይሞላል። «የባሕር ጉድለት በባሕር ነው የሚሞላ» ይላል።

ወደዚያ ባሕር መጀመሪያ የገባው አንድ ጥቁር ዓሣ ነው። አካሉ ትንሽ፣ ጠቡ ትልቅ። ቀድሞ ስለ ገባ «አገሩን ያቀናሁት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ፊታውራሪ ጥቁሬ አሰኘ፤ ድንጋዩንም ርስቴ አለው። ከእሱ ቀጥላ ወይዘሮ መቀነት ገባች። ብርቱካን መልክ ያላት፣ ወገቧን በነጭ የታጠቀች ዓሣ ናት፤ ሌላውን የሚለበልብ፣ እሷን ግን የሚያቅፍ የባሕር አበባ ውስጥ ትኖራለች። ከእሷ ቀጥሎ የገባው አያ ጓዜ ነው፤ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞር ሸርጣን።

አያ ጓዜ ሲገባ ቤቱ የተሰነጠቀች የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነበረች። ሲጠበው እየለቀቀ፣ ሰፋ ያለ እየፈለገ፣ ከማንም ሳይለምን፣ በመጨረሻ በሩ እንደ ዕንቁ የሚያበራ ቤት ጌታ ሆነ። ከምንም የተነሣ ሁሉን ይቆጥራል። አያ ጓዜም ማን ከማን በኋላ እንደ ገባ፣ ማን ከማን በፊት እንደ በላ ያውቃል።

መጨረሻ የገባችው ስንጥሬ ናት፤ እንደ ስንጥር የቀጠነች ሰማያዊ ዓሣ። ሥራዋ የሌሎችን ገላ ማጽዳት ነው። ከክንፋቸው ሥር፣ ከአፋቸው ውስጥ ተባይ ትለቅማለች።

እሷ በገባች ሰሞን ውሃው ከፋ። በድንጋዩ ላይ ያበቡት ተጨበጡ፣ አልከፈት አሉ። የመቀነት ዐይን ቀላ። የሁሉም ትንፋሽ አጠረ። ያኔ ፊታውራሪ ጥቁሬ ከድንጋዩ ሥር ችሎት ጠራ።

«ይህች ሳትመጣ ውሃው ደህና ነበር። መጣች፤ ውሃው ከፋ። ምን ምስክር ያሻል?»

«ጌታዬ፣ ጀርባዎን ያጸዳሁልዎ እኮ እኔ ነኝ» አለች ስንጥሬ።

«ለካ ለዚህ ነው የሚያሳክከኝ!»

ወይዘሮ መቀነት ሳቀች፤ ከአበባዋ ግን አልወጣችም።

ፊታውራሪ ፈረደ። «ሦስት ጊዜ ምግብ እስኪመጣ ታግሼሻለሁ። በሦስተኛው ውሃው ካልዳነ ከመስታወቱ በላይ ትዘያለሽ። አልዘልም ካልሽ ነክሼ አዘልልሻለሁ።»

ከመስታወቱ ወዲያ ደረቅ ወለል ነው። ያንን ሁሉም ያውቃል።

አያ ጓዜ ቤቱ ውስጥ ገብቶ አሰበ። «ስንጥሬ ወጥታ ውሃው ባይድን፣ ፊታውራሪ ሌላ መጤ ይፈልጋል። ከስንጥሬ በፊት የገባው ማን ነው? እኔ ነኝ።» ቤቱ ጠበበው። ወጥቶም ምስክር ፍለጋ ሄደ።

መጀመሪያ መብራትን ጠየቀ። «መብራት ሆይ፣ ከላይ ሆነህ ምን አየህ?»

«ቀን ሙሉ አሞቃለሁ፤ ውሃው እንደ ትንፋሽ ወደ ላይ ይበራል» አለ መብራት።

«ጨውስ?»

«ጨው ሲበር አላየሁም። ክንፍ አለው እንዴ?»

ቀጥሎ ነፊውን ጠየቀ። «ነፊ ሆይ፣ ከጥግ ሆነህ ምን አየህ?»

«ውሃ ሲጎድል አንገቴ ይገለጣል፤ ባሻ ሲሞላ ይሸፈናል። ባልዲው እኔ ላይ ነው የሚገለበጠው። በሞላ ቁጥር ውሃው ይመርረኛል።»

በመጨረሻ መስታወትን ጠየቀ። «መስታወት ሆይ፣ አንተስ?»

«እኔ ብዙ አላወራም» አለ መስታወት። «ና ግንባሬን ላስ።»

አያ ጓዜ በነፊው ቧንቧ ወጥቶ፣ ውሃው የሸሸበትን ነጭ መስመር ላሰ። ጨው! አፉን አቃጠለው። እየተንደረደረ ወረደ።

«ፊታውራሪ፣ ነገሩ ተገኘ! የሚበረው ውሃ ነው፤ ጨው ይቀራል። ባሻ ደግሞ በቀረው ጨው ላይ ሌላ ጨው ይጨምርበታል። ስንጥሬ ምን በወጣት!»

«እሺ፣ ሂድና ለባሻ ንገረው» አለ ፊታውራሪ እያፌዘ። «ለሸርጣን የሚሆን ጆሮ አለው?»

«ጆሮ ባይኖረው ዐይን አለው። ሁላችን ምግብ እንተው። ያኔ ምን ነካቸው ብሎ ይመረምራል።»

የመጀመሪያው ምግብ መጣ። ሁሉም አፉን ዘጋ። ፊታውራሪ ግን ተስፈንጥሮ ዋጠ። «ፊታውራሪ ሲጾም የት አይተሃል?» አለ።

ሁለተኛው ምግብ መጣ። ፊታውራሪ ዋጠ፤ አሁን ደግሞ መቀነትም ብቅ አለች። «ለአበባዬ ነው እንጂ ለራሴስ አልነካውም» አለች፣ አፏ ሙሉ ሆኖ።

ስንጥሬ አሸዋው ላይ ተኛች። ከእንግዲህ የቀረው አንድ ምግብ ነው።

«ዋስ ላቅርብ ጌታዬ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ለመጤ ማን ዋስ ይሆናል?»

«እኔ» አለ አያ ጓዜ።

«ምን ታስይዛለህ?»

«ቤቴን።»

አያ ጓዜ ከቤቱ ወጣ። ከወገቡ በታች ልጥ የመሰለ፣ የተጠማዘዘ፣ አንድ ንክሻ የማይችል ገላ ነበረው። ቤቱን እየገፋ ፊታውራሪ ደጅ አኖረው።

«በሦስተኛው ምግብ ማንም አይብላ። ባሻ ካልነቃ ቤቱ ያንተ ነው፤ እኔም ከእሷ ጋር እዘላለሁ። ከበላህ ግን ውሉ ፈረሰ።»

ፊታውራሪ የሚያበራውን በር አየ። ልጅ ሲወልድ ሊያሳድግበት ተመኘ። «ይሁን» አለ።

ሦስተኛው ምግብ መጣ። አንዱ ፍርፋሪ ፊታውራሪ ከንፈር ላይ አረፈ። ፊታውራሪ የሚያበራውን በር አየና አፉን አልከፈተም። መቀነት ፊቷን በአበባዋ ሸፈነች። ምግቡ ሁሉ ወርዶ አሸዋው ላይ ተኛ።

ባሻ ውብነህ ጎንበስ ብሎ አየ። «ወይ ጥጋብ! በቃ ጠገባችሁ?» አለና ጀርባውን ሰጠ።

«ዝለሉ እንግዲህ!» ብሎ ፊታውራሪ ጮኸ። ስንጥሬን ነከሳት። እሷም ሽቅብ ሸሸች፤ ጀርባዋ ከውሃው በላይ ታየ። አያ ጓዜም ቃል ቃል ነውና፣ ራቁቱን በነፊው ቧንቧ መውጣት ጀመረ።

ውሃው ተንቦጫረቀ። ባሻ ዞር አለ።

«በስመ አብ! ሸርጣኑ ቤቱን ጥሎ ወጣ! ይህስ የጥጋብ አይደለም!»

ሮጦ የጨው መለኪያውን አመጣ፤ ሆዱ ከባድ፣ አንገቱ ቀጭን የሆነ ተንሳፋፊ ብርጭቆ ነው። መለኪያው ውሃው ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ተወረወረ።

«ኧረ ይህ ውሃ አላሰጥምም አለኝ! ጨው በትከሻው ተሸከመኝ!» አለ መለኪያው።

ባሻ ቋንቋውን ባይሰማም ቁመቱን አነበበ። ግንባሩን መታ። «የሚጎድለው ውሃ፣ የምጨምረው ጨው! ገደልኳችሁ እኮ!» አለ። ከዚያም ንጹሕ፣ ጨው የሌለበት ውሃ አምጥቶ ጠብ፣ ጠብ እያደረገ ጨመረ፤ በአንድ ጊዜ ቢያፈስሰው ድንጋጤው ይገድላቸው ነበርና።

ውሎ አድሮ የተጨበጡት ተከፈቱ። የመቀነት ዐይን ጠራ። አያ ጓዜም ከቧንቧው ወርዶ ቤቱን ከፊታውራሪ ደጅ ወሰደ፤ ሳይገባ በፊት ግን ዞሮ ዞሮ ጭረት እንደሌለበት አረጋገጠ።

ፊታውራሪ ጥቁሬን ደግሞ ጀርባው ያሳክከው ጀመር። በድንጋይ ታከከ፤ አልሆነም። በአሸዋ ታከከ፤ አልሆነም። በመጨረሻ ድምፁን አለስልሶ ጠራ።

«ስንጥሬ፣ ልጄ፣ እስቲ ነይ ይህቺን ጀርባዬን…»

ስንጥሬ ከአያ ጓዜ ቤት ጥላ ሥር ሆና መለሰች።

«ዋስ አለዎት ጌታዬ?»

ተረቴ ጨው እንዳይበዛበት እዚህ ላይ ላብቃ። ምን የጎደለ እንደ ሆነ ሳያውቅ የሚሞላ፣ ማን የበደለ እንደ ሆነ ሳያውቅ የሚያስወጣ፣ ሁለቱም ያለውን ያበላሻሉ።