ቀኑ ያልታወቀው ልጅ

አንድ ባለርስት ነበረ፤ ልጁ በየትኛው ቀን እንደ ተወለደ አያውቅም ነበር።

አለቃ ጥዑመ ልሳን ነገራቸውን በዚህ የጀመሩት ዲያቆን ናሁሠናይ ላቀረበላቸው ጥያቄ መልስ ሊሰጡ ነው። ዲያቆኑ በከተማ ኮሌጅ የሚማር ወጣት ነው። ለልደት በዓል ወደ ደብሩ ተመልሶ ሳለ ከካህናቱ ጋር ማሕሌት ለመቆም ልቡ እምቢ ስላለው፣ በዋዜማው ዕለት ማለዳ ወደ አለቃ ቤት መጣ።

«አባታችን፣ ጌታ የተወለደበት ቀን በወንጌል አልተጻፈም። የሮም ሰዎች ቀኑ መርዘም በሚጀምርበት ወራት የፀሐይን በዓል ያከብሩ ነበር፤ የልደት በዓል የተተከለውም በዚያው ላይ ነው ይላሉ ጓደኞቼ። ልመልስላቸው ብዬ ወንጌሉን ገለጥሁ፤ ቀኑን አጣሁት። እንግዲህ እኔ የምዘምረው ለማን ነው? ለጌታ ነው ወይስ ለፀሐይ?»

አለቃ አልተቆጡም። በወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና የባለርስቱን ነገር አነሡ።

ባለርስቱ የሚኖርበትን አገር አንድ ዓመት አንበጣ በላውና ሕዝቡ ከብቱን እየነዳ ተሰደደ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። በስደቱ መንገድ ምጥ ያዛት፤ ወንድ ልጅም ወለደች። በዚያ ጭንቅ መካከል ዕለቱን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። በኋላ አገር ሲረጋ ሁሉም ወደ ቀዬው ተመለሰ፤ ባለርስቱም ልጁን ታቅፎ ገባ።

የዚያ አገር ሰው በዓመት አንድ ቀን፣ መኸር ከገባ በኋላ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተሰብስቦ ግንዱን ቅቤ የመቀባት ልማድ ነበረው። ባለርስቱ ልማዱን አይወድም። ነገር ግን ዛፉን አልቆረጠም፤ ሰዉንም አልሰደበም። በዚያው ቀን በግቢው ዳስ ጥሎ፣ «የልጄን መወለድ አከብራለሁ፤ ኑና ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ብሎ አገሩን ጠራ። ሰዉ በመጀመሪያው ዓመት ሾላውን ቀብቶ መጣ። በሚቀጥለው ዓመት ከቅቤው ከፍሎ ለሕፃኑ አናት ይዞ መጣ። እያደር ቅቤው ሁሉ ወደ ሕፃኑ አናትና ወደ ባለርስቱ ድስት መግባት ጀመረ፤ ሾላውም እንደ ማንኛውም ዛፍ የወፍ ማረፊያ ሆኖ ቀረ።

ልጁ በዚህ በዓል አደገ። በዓመት አንድ ቀን አገር ሁሉ በእርሱ መወለድ ሲደሰት እያየ የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም። ጎልማሳ ሲሆን እናቱ ሞተች፤ ቆይቶም አባቱ ተከተላት። የአባቱ ተዝካር በወጣ ማግሥት ግን አጎቱ፣ የአባቱ ታናሽ ወንድም፣ ርስቱ ይገባኛል ብሎ በአገር ሽማግሌዎች ፊት ከሰሰው።

«ወንድሜ ልጅ አልወለደም» አለ አጎቱ። «ይህ ወድቆ የተገኘ ልጅ ነው፤ ከመንገድ አንሥቶ ያሳደገው ነው። ልጁ ነኝ ካለ የተወለደበትን ቀን ይንገረን! ያ በየዓመቱ የምንበላለት ቀን እንደሆነ የሾላው ነው። አታውቁምን?»

የሽማግሌዎቹ አለቃ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «ቀኑን ታውቀዋለህ፣ ልጄ?»

«አላውቀውም።»

«ሰማችሁ! ከገዛ አፉ!» ብሎ አጎቱ እጁን አጨበጨበ።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ርስቱን ማጣት ሳይሆን ሌላ ነገር ከበደው። ዕድሜውን ሙሉ በዳሱ ውስጥ የተባለለት እልልታ የሰው ገንዘብ መስሎ ታየው። አባቱን አባቴ ብሎ ቀብሯል፤ ያለቀሰውም ልቅሶ የእርሱ እንዳልነበረ አሁን ሊነገረው ነው። ወገኖቹን ቀና ብሎ ማየት ተሳነው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጭራቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ቀና ብለው፣ «ገንፎውን የበላ አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ሰዉ ግራ ተጋብቶ ተያየ። «የምን ገንፎ?» አለ አንዱ።

«የአራስ ገንፎ ነዋ! የእናቱን የአራስ ገንፎ የበላች ሴት ካለች ትነሣ። ሳይወለድ ገንፎ የሚያገነፋ አገር የት አይታችኋል?»

ከኋላ አንዲት ባልቴት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። «ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ዱቄቱን ከመንገደኛ ለምኜ ነው። ቅቤ የሚባል አልነበረንም፤ ደረቁን ዋጥነው። እስከ ዛሬ ጉሮሮዬን ሲቧጥጠኝ ይኖራል!»

ሸንጎው በሳቅ ተናወጠ። አጎቱ ግን ጮኸ፦ «ቀኑስ? ቀኑን ይናገሩ!»

«ቀኑን እንጃ!» አሉ ባልቴቲቱ። «የምታምጥ ሴት ወገብ ደግፌ ‹ማርያም፣ ማርያም› እያልሁ ቀን ልቁጠርልህ? ልጁን ግን በእነዚህ እጆቼ ተቀብዬዋለሁ። እናቱን ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› ያልኋትም እኔ ነኝ። አንተስ ብትሆን ከፊት ከፊት ከብት ስትነዳ አልነበርህም? እልልታችንን ሰምተህ፣ በሬዎቹን ጥለህ እየሮጥህ መጥተህ ‹ወንድሜ ወንድ ወለደ!› እያልህ የዘለልህ ማን ነበር? ያን ጊዜ ቀኑን ጠይቀኸኛል?»

አጎቱ ያ ሩጫ ትዝ አለው። «ዘልያለሁ» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ። «እውነት ነው፤ ዘልያለሁ።»

«ርስቱ የልጁ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ወጣቱ የባልቴቲቱን ጉልበት ስሞ ሲያበቃ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እንግዲህ በዓሉን ምን ላድርገው? ልተወው?»

«ለምን ብለህ! አባትህ ደስታውን የሚያካፍልበት ቀን ቢያጣ፣ አገር የሚሰበሰብበትን መረጠ። አንተም ዳስህን ጣል። አጎትህንም ጥራው፤ ከሁሉ በፊት የዘለለ እርሱ ነው።»

አለቃ ጥዑመ ልሳን እዚህ ላይ ነገራቸውን ገቱና ፊታቸውን ወደ ዲያቆኑ መለሱ።

«ያ ወጣት አንተ ነህ፣ ናሁሠናይ። ቀን ቢጠፋብህ ልደቱ የጠፋ መሰለህ። ወንጌላዊው ሉቃስ ግርግሙን ጽፏል፤ ሕፃኑ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ጽፏል፤ መንጋቸውን ሲጠብቁ አድረው የመጡትን እረኞች ጽፏል። ቀኑን አልጻፈም። ከመነሻውም በምሥራቅ ያሉ ብዙ ምእመናን ልደቱንና ጥምቀቱን ባንድ ቀን ያከብሩ ነበር። በዓሉ ለብቻው ሲቆም፣ አባቶች አሕዛብ ለፀሐይ የሚሰበሰቡበትን ወራት ወሰዱ የሚሉ አሉ፤ ከጽንሰቱ ቀን ቆጥረው ደረሱበት የሚሉም አሉ። የፊተኞቹ ቃል እውነት ቢሆን እንኳ ምን ያስደነግጥሃል? አባቶች ለፀሐይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ወደ ፈጣሪዋ ጠሩት። የእኛዎቹም ቢሆኑ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ዮሐንስ፣ ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን፣ ከጽንሰቱ የሚቆጠረው ቀን እንዳይፋለስ ብለው በዓሉን ከታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ወደ ሃያ ስምንት ያመጡታል። የምናመልከው ቀኑን ቢሆን ኖሮ ማን ደፍሮ ይነካው ነበር?»

ዲያቆኑ ፊቱ በራ። ሳያስበው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያውም አፍሮ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፈነ። «ጓደኞቼ ደግመው ሲጠይቁኝስ ምን ልበላቸው፣ አባታችን?»

«እውነቱን ንገራቸው። ቀኑን አናውቀውም በላቸው፤ አትፈር። ልጁን ግን የታቀፈችው እናት አለች፤ ያዩት እረኞችም አሉ በላቸው። አሁን ተነሥ፤ ዋዜማ ሊቆም ነው።»