ሁለተኛው ጥሪ

አንድ ሰው ነበረ። ፋብሪካ ከመተከሉ በፊት ውሃው፣ አፈሩና ነዋሪው እንዳይጎዳ አጥንቶ ይጽፋል፤ ይፈርማል። ሥራው ይህ ነው።

አንድ ቀን የድንጋይ መፍጫ ሊተከልበት የታሰበ ኮረብታ እንዲያጠና ታዘዘ። ከሰማይ የተነሣውን ፎቶግራፍ ለማሽን ሰጠ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል፤ ሰምታችኋል። ማሽኑ ሠላሳ ገጽ ጻፈለት። «በቦታው የሚኖር ሰው የለም። ምንጩም ተጠቃሚ የለውም» ይላል።

አለቃው ደወለ። «አንተ ሰውዬ፣ ፊርማ እንዲህ ይከብዳል? ፈርምና ላክ እንጂ!»

ብዕሩን አነሣ። ፎቶግራፉን ደግሞ አየ። ወደ ምንጩ የምትወርድ ቀጭን የእግር መንገድ አለች።

«በዚህች መንገድ ማን ይሄዳል?» ብሎ ማሽኑን ጠየቀው።

«ከፎቶግራፉ ማወቅ አልችልም። ሰው በቦታው ተገኝቶ ቢያጣራ ይሻላል» አለው።

ቀድሞስ ለምን አላለም? ቀድሞ ማን ጠየቀው?

በማግስቱ ሄደ። ከዛፍ ሥር የተሸሸገች ጎጆ አገኘ።

«ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። ዝም።

ሊመለስ ዞረ። ቆመ። ደግሞ ተጣራ። «ቤቶች!»

አንዲት አሮጊት ወጡ። ወይዘሮ ደብሪቱ ይባላሉ።

«እናቴ፣ ቅድም አልሰሙኝም?»

«ሰምቼሃለሁ ልጄ። ሌላ ቤት የጠራህ መስሎኝ ነው።»

«ሌላ ቤት አለ እንዴ?»

«የለም።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ወረቀቱ የሚለውን ነገራቸው። ሳቁ።

«ሰው ከሌለ ይህን ጎመን ማን አጠጣው ይላል?»

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ምንጩን ከደፈናችሁት ግን ወዴት እሄዳለሁ? ሁሉም ሄዷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

በገዛ እጁ ጻፈ፦ «አንድ ቤት። አንዲት ሴት። ከዚህ ምንጭ ትጠጣለች።» ፈረመ። አለቃው ተቆጣ። መፍጫው ግን ከኮረብታው ማዶ ተተከለ፤ ማዶውንም ሰውየው አስቀድሞ በእግሩ ዞሮ አይቶታል።

ወገኖቼ፣ ማሽኑን አልወቅስም። ከወረቀቱ ግርጌ የማን ስም አለ? የማሽኑ ነው? የእናንተ ነው። በማሽን ጻፉ፤ አልከለክልም። ያላያችሁትን ግን አትፈርሙ።

በየሰፈራችንስ የለም የተባለ ስንት ሰው አለ? ማን ደጁ ሄደ? እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል፤ እያወቀም በየስማችን ይጠራናል።

ሂዱ። ተጣሩ። ዝም ቢላችሁ አትመለሱ፤ ደግማችሁ ተጣሩ። ብቻውን የኖረ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ አይወጣም። ሌላ ቤት የተጠራ ይመስለዋል።