የእንኮዬ ጥላሸት

ሽሮ ሜዳ ላይ ገበያተኛ ዋናውን ዕቃ ትቶ በእንቶ ፈንቶው ሲከራከር ያዩ ሸማኔዎች እርስ በርስ ይጠቃቀሱና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋሉ። ሰሚው ይስቃል። አባባሏ ከየት እንደመጣች የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። መነሻውን ሳያውቁ መተረት ልጅን ያለ ፋኖስ ወደ ጓሮ እንደመላክ ነው፤ ምን ላይ እንደሚረግጥ አይታወቅም። ስለዚህ ነገሩ ከሥሩ ይነገር።

እትዬ አሰገደች የሚባሉ ሴት ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ ጋዜጣ ያነባሉ፤ ጋዜጣው ላይ የወጣው ክፉ ነገር ሁሉ ግን ለእሳቸው ቤት የተጻፈ ይመስላቸዋል። የልጅ ልጃቸው ሐመልማል ስታስነጥስ ጋቢ ይዘው ይሮጣሉ። ሳታስነጥስ ከዋለችም «ምነው ዛሬ ዝም አለች» ብለው ግንባሯን ይዳስሳሉ። ሰው ቢስቅባቸውም አይፈረድባቸውም፤ ሐመልማል ከሁለት ክረምት በፊት ታማ፣ ሐኪሙ እንኳ ዓይናቸውን ሽሽት መሬት መሬት ያየባት ልጅ ናት። ከዚያ የተረፈችን ልጅ የያዘ ሰው እንዴት ረጋ ብሎ ይቀመጣል?

የሐመልማል እናት ማስተዋል የእትዬ አሰገደች አንድያ ልጅ ስትሆን ሥራዋ አሻንጉሊት መሥራት ነበር። የሱቅ አሻንጉሊት አይደለም። ሲኒ ከሚሠራበት ከነጩ ሸክላ፣ ፖርሲሊን ከሚሉት፣ ራስና እጅ እግር ትቀርጻለች፤ በእቶን ታቃጥላለች፤ በቀጭን ብሩሽ ዓይንና ቅንድብ ትስልና መልሳ ታቃጥላለች፤ በበግ ፀጉር ሹሩባ ትሠራለች። ልብሱን የሚሸምኑላት ጎረቤቷ ጋሽ ማሄ ነበሩ። «ዓይኔን ለሙሽሮች ቆጥቤ አኑሬው አንቺ ለአሻንጉሊት ጨረስሽው» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን ጥለቱ አንድ ክር አይዛነፍም።

አንዷን አሻንጉሊት ሠርቶ ለመጨረስ ወር ይፈጃል። የሚገዛት ግን እምብዛም አልነበረም። ማስተዋል በየቅዳሜው ባዛር ላይ ዘርግታ ትውላለች፤ ሰው ዋጋውን ይጠይቅና «በዚህ ዋጋ በግ ይገዛል፤ በጉ ቢያንስ ይጮኻል» ብሎ ያልፋል። ወይዘሮ እጅጋየሁ የተባሉ የደኅና ሰው ሚስት ደግሞ አንዷን ገልብጠው ጀርባዋን ፈልገው ፈልገው «ባትሪው የት ነው የሚገባው?» ብለው ነበር።

እትዬ አሰገደችን ያስጨነቃቸው ገበያው አልነበረም። የአሻንጉሊቶቹ ማማር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት መጥታ፣ ገና እሳት ውስጥ ያልገባችውን አንዷን አየችና «ወይ ስታምር» አለች፤ እንትፍ እንትፍ ሳትል፣ ደጋግማ ሳታማትብ፣ እንዲሁ ደርቃ ሄደች። በነጋታው የአሻንጉሊቷ ራስ እቶን ውስጥ ተሰነጠቀ። ማስተዋል ሸክላው በደንብ ሳይደርቅ አቃጥዬው ነው ብላ አስረዳች። እናቷ ግን የታያቸው የሸክላው እርጥበት ሳይሆን የሴትዮዋ ዓይን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሻንጉሊት ከቤት ልትወጣ ስትል እትዬ አሰገደች ከድስት ቂጥ ጥላሸት በጣታቸው ይዘው ግንባሯ ላይ ነጥብ ያሳርፉባታል። ቆንጆ ሕፃን ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው እንደሚያደርገው መሆኑ ነው። ማስተዋል ባየች ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች።

«እማዬ፣ ይኼ እኮ ሸክላ ነው። ሕፃን አይደለም።»

«ዓይን መች ይለያል?»

አንዲት ቅዳሜ ታዲያ ማስተዋል ቸኩላ አንደኛዋን ሳትጠርጋት ወጣች። በዚያ ቀን አቶ ልዑልሰገድ ባዛሩ ላይ ነበሩ። እኚህ ሰው የውጭ አገር አሻንጉሊት በመስታወት ቁም ሣጥን የሚያከማቹ፣ አጉሊ መነፅር እንደ መስቀል አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ እሳቸው ሲያስነጥሱ በከተማው ያሉ አሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ሁሉ አብረዋቸው የሚያስነጥሱላቸው ሰው ናቸው። መነፅሩን ግንባሯ ላይ አስጠጉ። ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ይህ ምልክት ያላት ሌላ አለች?» ሲሉ ጠየቁ።

ማስተዋል አፍራ፣ እሷ ብቻ እንደሆነች ተናገረች። እውነቷን ነበር። ሰውየው ሳይከራከሩ ገዝተው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው ሄዱ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመስማት ጤና ያስፈልጋል። አቶ ልዑልሰገድ ወዳጆቻቸውን ጠርተው ነጥቡን አሳዩ፤ «ማኅተመ ጢስ» የሚል ስምም አወጡለት። አንዱ የሠሪዋ ኀዘን ነው አለ፤ ሌላው ዝምታ ነው አለ፤ ወይዘሮ እጅጋየሁ፣ እኚያው ባትሪ ፈላጊዋ፣ እንባቸውን ጠርገው «ይህ ከአጥንት የሚወጣ ነገር ነው» አሉ። ከድስት ቂጥ የወጣ ነገር ነው የሚል ሰው አልተገኘም። ቀድሞ በማዘን የገዙ ጥቂት ሰዎች ደግሞ አሻንጉሊታቸውን ይዘው ተመለሱ፤ የእኛዋ ንጹሕ ናት፣ ተታለልን ብለው።

ገበያው ተቀወጠ። አስመሳይ መጣ፤ በሻማ ጢስ የሚቀባ፣ በመኪና ጎማ ጥላሸት የሚቀባ ተነሣ። በዚህም ሳቢያ አሻንጉሊት እያሸተቱ ዋጋ የሚተምኑ ሊቃውንት ብቅ አሉ። እነዚህ ሰዎች የሽሮ ድስት ጥላሸት ያላትን የዶሮ ወጥ ድስት ጥላሸት ካላት አስበልጠው ይተምናሉ፤ በጾም የተሠራች ስለሆነች የመንፈስ ጥልቀት አላት እያሉ። እንግዲህ አሻንጉሊቷን ሲያሸቷት ይውላሉ እንጂ ፊቷን ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

እትዬ አሰገደች ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። ዓይን እንዲሸሽ የቀቡት ነገር የከተማውን ዓይን ሁሉ ጠርቶ ደጃቸው ላይ አቆመው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንዲትም ነጥብ አላደርግም ብለው ማሉ። ልጃቸው ብትለምናቸውም «የልጅ መጠበቂያ አይሸጥም» ብለው እምቢ አሉ። ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን የእቶኑ ማሞቂያ ሽቦ ተቃጠለና ማስተዋል እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

ታዲያ በቤቱ ውስጥ አንዲት ያልተሸጠች አሻንጉሊት ነበረች። ስሟ እንኮዬ ነው። ማስተዋል የሠራቻት ሐመልማል በታመመች ጊዜ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ፣ የተኛችውን ልጅ እያየች ነው። አገጯ ላይ ያለችው ስርጉድ የሐመልማል ናት፤ ከፍ ያለችው የግራ ቅንድብ የሐመልማል ናት። ልጅቱ ስትድን እንኮዬን አቅፋ ተነሣች፤ እስከዛሬም ያለ እሷ አትተኛም። እትዬ አሰገደች ያን ጊዜ በልጅቱ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው «እኔ ቆሜ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብለዋት ነበር። በሆዳቸው ደግሞ ለማንም ያልተናገሩት ነበር፤ የልጅቱ መልክ በደጅ ከወጣ፣ ያ ሕመም ተከትሎ በደጅ ይገባል።

አቶ ልዑልሰገድ ስለ እንኮዬ የሰሙት ከማስተዋል ከራሷ ነው። አንድ ቀን ምርጡ ሥራሽ የትኛው ነው ቢሏት፣ አልሸጥኳትም ቤት ናት ብላ አመለጣት። ሰውየው ነገሩን አልለቀቁም። እሷን ከሰጠሽኝ በማዘጋጀው የአሻንጉሊት ዐውደ ርእይ ላይ ሥራሽን ሁሉ አስገባለሁ አሏት። ስንት ዓመት ባዛር ላይ የበግ ዋጋ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፤ ልቧ ራደ። እሑድ ይምጡና ይዩዋት አለች። ለእናቷም ለልጅቱ ሌላ እንደምትሠራላት ነገረቻቸው።

«ሌላ ሐመልማልም ትወልጃለሽ?» አሉ እትዬ አሰገደች።

 ማስተዋል ግን ሐሳቧን አልለወጠችም።

እሑድ ማለዳ ማስተዋል ቤት ስታሰናዳ፣ እትዬ አሰገደች እንኮዬን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ማድቤት ገቡ። ድስቱን ገልብጠው የቻሉትን ያህል ጥላሸት ፋቁ፤ ግንባር የለ፣ ጉንጭ የለ፣ አፍንጫ የለ፣ እንኮዬ የድስቱ እህት እስክትመስል ድረስ ለቀለቋትና ከመጋረጃው ጀርባ ወደ ቦታዋ መለሷት። ነጥቡን የወደዱት ነጥብ ስለሆነ ነው፣ ፊቱ ሁሉ ሲጠቁር ግን ቆሻሻ ነው ብለው ይተዋታል ብለው አሰቡ። ጤነኛ ሰው የሚያስበውን ነው ያሰቡት፤ ስሕተታቸውም ይኸው ነበር።

አቶ ልዑልሰገድ ብቻቸውን አልመጡም፤ ወይዘሮ እጅጋየሁም ወሬውን ሰምተው ተከትለዋቸው ደረሱ። ጋሽ ማሄም ለእንኮዬ መሸኛ የተባለችውን አዲስ ቀሚስ ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ማስተዋል መጋረጃውን ገልጣ አሻንጉሊቷን ስታይ ክው አለች። እናቷን አየቻቸው፤ እናቷ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

አቶ ልዑልሰገድ ግን ተቀመጡ ሳይባሉ ተቀመጡ። መነፅራቸውን ጥላሸቱ ላይ አስጠጉ። ከዚያ በሹክሹክታ «ሙሉ ማኅተም» አሉ።

«ሙሉ ማኅተም» አሉ ወይዘሮ እጅጋየሁም፤ ከዚያ ሰውየውን በጎን ገላምጠው የመጀመሪያውን ዋጋ ጠሩ።

ጨረታው ተጀመረ። ዋጋው ከበግ ተነሥቶ ወይፈን ሆነ፤ ወይፈኑ ጥማድ በሬ ሆነ፤ በሬው ከገበሬው ተለይቶ ባጃጅ ውስጥ ገባ፤ ባጃጁም ጥቂት ቆይቶ የቤት መኪና ሆነ። ጋሽ ማሄ ቀሚሷን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አንዱን ሲያዩ ሌላውን ሲያዩ አንገታቸው ዛለ።

ማስተዋል ወደ ሁለቱ ጠጋ አለች። «ፊቷን አይታችኋል?» አለች ቀስ ብላ።

«ፊትማ» አሉ አቶ ልዑልሰገድ፣ መነፅራቸውን ከጥላሸቱ ላይ ሳያነሡ፣ «ፊት ሁሉም አሻንጉሊት አለው።»

ይህን ጊዜ ሐመልማል ከጓዳ ወጣች። እንኮዬን አየቻት። አልጮኸችም፤ አያቷን ተመለከተች። እንባዋ ግን ወረደ። እትዬ አሰገደችን ከወንበራቸው ያስነሣቸው ያ ነው። መላቸው ሁሉ ተገልብጦባቸው፣ ሊያባርሩበት የቀቡት ነገር ዋጋ ሲጠራ፣ የቀራቸው ለልጅቱ የገቡላት ያቺ «አትወጣም» የምትል ቃል ብቻ ነበረች። አሻንጉሊቷን ከሰውየው ፊት አነሡና ወደ ግቢው ይዘዋት ወጡ።

«ሊጨምሩባት ነው» አሉ አቶ ልዑልሰገድ በአክብሮት። «እባክዎ እናቴ፣ ሲቀቡ ለማየት ይፍቀዱልን።»

እትዬ አሰገደች ፈቀዱ። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ በውኃ እንደተሞላ ነበር። እንኮዬን ነከሯት፤ ሳሙናውን አነሡ፤ ሕፃን እንደሚታጠብ፣ አንገቷን በግራ እጃቸው ደግፈው፣ ዓይኗ ውስጥ እንዳይገባ እየተጠነቀቁ ፊቷን አሹት። ቀለሙ ከሸክላው ጋር በእሳት የተዋሐደ ስለሆነ ምንም አልሆነም። ውኃው ጠቆረ፤ ግንባሯ ወጣ፤ ከፍ ያለችው ቅንድብ ወጣች፤ አገጯ ላይ ያለችው ስርጉድ ውኃ ይዛ ታየች። ማስተዋል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያች የሕመም ክረምት ወዲህ ያቺን ፊት በቅጡ አላየቻትም ነበር።

አቶ ልዑልሰገድ ፊታቸው ደም መሰለ። «ምን ማድረግዎ ነው? አጠፏት እኮ። የስንት ዘመን ጥላሸት!»

«ዛሬ ጧት ነው የቀባኋት።»

«ይህን ለማን ያወሩታል?»

«ላላመነኝ» አሉ እትዬ አሰገደች፣ እንኮዬን በነጠላቸው እያደረቁ። «እስቲ ልጄ፣ አሁን በስንት ትገዛታለህ?»

«ይቺን? በነፃም አልወስዳት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሏቸው። ሰውየውን ከልባቸው ሲመርቁ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

ማስተዋልም ዐውደ ርእዩን ትታ አሻንጉሊቷን ከእናቷ ተቀብላ ለሐመልማል ሰጠቻት። ልጅቱ አሽታ «ሳሙና ሳሙና ትላለች» አለችና ይዛት ወደ ጓዳ ገባች።

ወይዘሮ እጅጋየሁ ግን ለመሄድ አልቸኮሉም። ሳፋውን ዞር ዞር እያሉ ሲያዩ ቆዩና ወደ ማስተዋል ጠጋ ብለው «ውኃውስ?» አሏት። የእቶኑ ሽቦ የተቀየረው በዚያ ጥቁር ውኃ ዋጋ ነው ይባላል፤ ወይዘሮዋ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው፣ እንደ ጠበል አቅፈው ወሰዱት።

አቶ ልዑልሰገድ በሩን ከኋላቸው አላተሙት፤ የቆርቆሮው አጥር እስከ ማዶ ተንቀጠቀጠ። እትዬ አሰገደች እንደ ልማዳቸው ደነገጡ፣ ሰው አስቀየምን፣ ይኼ ሰውዬ ምን ያመጣብን ይሆን ብለው ተጨነቁ፤ ምን አጠፋሁ ሲሉም ጋሽ ማሄን ጠየቁ። ጋሽ ማሄ የእንኮዬን ቀሚስ አጣጥፈው ሰጧቸውና፣ በሩን እያዩ፣ «እርስዎ ምን ያድርጉ እትዬ፤ ጥላሸት ሊገዛ የመጣ፣ ፊት ሲታጠብ ተቆጣ» አሉ።