ሥራው በሕልሙ የነበረ ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው በሕልሙ ውስጥ ብቻ ነበር።

ቀን ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር ማለቴ አይደለም። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ሲልኩት ይሄዳል። ግን የሚሠራውን ሁሉ የሰው ልብስ እንደ ተዋሰ ሰው ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ጋ ይጠበዋል፣ ሌላው ጋ ይሰፋዋል። ሲተኛ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሕልም ያያል።

በሕልሙ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ምን እንደሚሠራ አይታየውም፤ እጆቹ ያሉበት ቦታ ጉም ነው። የእጁ አንጓ ላይ ግን የሆነ ነገር ይቀዘቅዘዋል፤ ቅዝቃዜው ደስ ይላል። ከማዶ ሰዎች ሲነጋገሩ ይሰማል፤ እሱን የሚጠራው የለም፣ የሚያስቸኩለውም የለም። ፀሐይዋ እንኳ አንድ ቦታ ቆማ የምትጠብቀው ይመስለዋል። ከዚያ ይነቃል። ደስታው ጥቂት ደረቱ ላይ ይቆይና፣ ምን ነበር ብሎ ማሰብ ሲጀምር ጥሎት ይሄዳል።

እኔ መቼም፣ ትርንጎ ልጄ፣ ሕልም ተከትሎ የሚዞር ሰው ብዙ አልወድም። አብዛኞቹ ለስንፍናቸው የክርስትና ስም ሲያወጡለት ነው። ይሄኛው ግን ሰነፍ አልነበረም፤ የሚወደውን ሥራ ሲፈልግ ፍዳውን ያየ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት መጥተሽ «የምወደውን ሥራ በምን አውቀዋለሁ?» ስትዪኝ እሱ ትዝ ያለኝ ለዚህ ነው።

በዚያ አገር ደግ ሕልም ያየ ሰው እህል ሳይቀምስ ለሚወደው ሰው ይነግራል። ሰውየውም ጠዋት ጠዋት ለሚስቱ ይነግራታል። እሷም «በደግ ይፍታው» ትለዋለች። ይዋደዱ ነበር። ብዙ ነገር ጀምሮ የተወ ሰው ቢሆንም፣ እሷን ግን አንድም ቀን ልተዋት ብሎ አያውቅም።

ሥራውን ፍለጋ ሲወጣ መጀመሪያ ሸማኔ ዘንድ ገባ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ተቀመጠ። መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል ልቡ ሞቅ አለውና «ይሄ ይሆን እንዴ?» አለ። በማግስቱም «ይሄ ይሆን እንዴ?» አለ። አንዴ በወረወረ ቁጥር ቆም ይልና ደረቱን ያዳምጣል፤ ደስታው መጣ ወይስ አልመጣም? እሱ ደረቱን ሲያዳምጥ ክሩ ይበጠሳል። ሸማኔው ታጋሽ ነበር፤ የኋላ ኋላ ግን መረረው።

«አንተ ሰው፣» አለው፣ «የምታየው ሸማውን ነው ወይስ ራስህን?»

ሰውየው እግሩን ከጉድጓዱ አውጥቶ ሄደ። ከዚያ ንብ ማነብ ሞከረ። ንብ ደግሞ ሰው ደስ ብሎት እንደሆነ እስኪያጣራ ቆማ አትጠብቅም፤ ፊቱ አባብጦ ቤቱ ገባ። ከነጋዴዎች ጋር ጭነት ነዳ። አንጥረኛ ዘንድ ወናፍ ነፋ። የትም ቢሄድ ያቺ ጥያቄ ቀድማው ትገባና ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። እንዲህ ሲዞር እርሻው ዳዋ ለበሰ፣ ጎተራውም ጎደለ። ሚስቱ ቀሚሷን እየጣፈች መልበስ ጀመረች። ለማንም ስሞታ አላቀረበችም፤ ጣፋው ግን ይታይ ነበር።

አማቱ ሀብታም ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ልጃቸውን የሚወዱ አባት ነበሩ። ሽማግሌ ሰብስበው ላኩበት፦ «የልጄ ባል ከገበያው ማግስት ሽማግሎች ፊት ይቁም። ሥራዬ ይህ ነው ይበል፤ ዋስም ይጥራ። ይህን ካላደረገ ልጄ ቤቴ ትቀራለች።» የአገሩ ሥርዓት ይህ ነው፤ ሽማግሎቹ እስኪፈርዱም ድረስ ሚስት አባቷ ቤት ትቆያለች። ከመሄዷ በፊት ጋቢውን አጠበችለት። አባቷ በሠርጋቸው ዕለት ያለበሱት ጋቢ ነው።

«ሥራህ ምንድን ነው ሲሉህ ምን ልትል ነው?» አለችው።

«ማረስ ነው እላለሁ።»

«ወደኸው ነው?»

«አንቺን እንዳይወስዱብኝ ነው።»

እሷም ጋቢውን አጣጥፋ ሰጠችውና ሄደች።

ቀኑ ደረሰ። ሰውየው ጋቢውን አጣፍቶ በጠዋት ወጣ። ሌሊቱን ጉም ወርዶ ስለነበር ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ ከዛፎቹ አናታቸው ብቻ ይታያል። መንገዱ የመስኖ ገብስ በተዘራበት መካከል ያልፋል። ከወንዙ ውኃ የሚያመጣው ትልቁ ቦይ አንድ ቦታ ላይ ተንዶ አገኘው፤ ከብት ረግጦት ነው። ውኃው ወደ ገብሱ መሄዱን ትቶ መንገድ ለመንገድ ይፈሳል። ሰውየው ቆም አለ። አንድ ድንጋይ ብቻ ላስቀምጥና ልሂድ አለ።

አንድ ድንጋይ አስቀመጠ። ውኃው ድንጋዩን ዞሮት ሄደ። ሌላ ጨመረበት። ውኃው በሥሩ ሾለከ። ጎንበስ ብሎ የት እንደሾለከ በእጁ ዳበሰ። እንዴ፣ ከዚህ ነው ለካ የሚያመልጠው፤ እንግዲያው ጭቃውን ከዚህ ሳይሆን ከላይ በኩል መምታት ነው። ከላይ በኩል መታው። ውኃው ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ በሌላ በኩል መጣ። ሰውየውም በሌላ በኩል ጠበቀው። ጉሙ ተነሣ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ከማዶ ሰዎች ይነጋገሩ ነበር። እሱ አልሰማም። ጭቃና ድንጋዩ አልይዝ ሲለው ትከሻው ላይ ያለውን አውልቆ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቀው። ምን እንዳወለቀ አላየም። በዚያን ጠዋት «ይሄ ይሆን እንዴ?» አላለም፤ መጠየቁን ረስቶት ነበር።

ሽማግሎቹ ከሾላው ሥር ተቀምጠው ጠበቁት። ፊታቸውን ስትመታ የነበረች ፀሐይ ጀርባቸውን መምታት ጀመረች። ሚስቱ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። በመጨረሻ አማቱ ብድግ አሉና «እኛው እንሂድና እንየው፤ የቀረበትን እንወቅ» አሉ። ሁሉም ተከትለው ወረዱ። ቦዩ ዘንድ ሲደርሱ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ አገኙት።

አማቱ መጀመሪያ ያዩት ጋቢውን ነው። ጭቃ ለብሶ፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ተወትፏል።

«ይሄ እኔ ያለበስኩህ አይደለም?» አሉ።

ሰውየው ቀና አለ። የነቃ ሰው ይመስል ነበር። «ውኃው እየጠፋ ነበር፣ አባባ» አለ።

«ሽማግሎቹ እንደሚጠብቁህስ?»

«ረሳሁት።»

«ልጄንስ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ስለ እሷ ስል ነው ቢል ማን ይመሰክርበታል? ሰውየው ግን እጆቹን አየና፣ «እሷንም ረሳኋት» አለ። ይህን ካለ በኋላ ነው የፈራው።

«ሰማችሁ» አሉ አማቱ ወደ ሽማግሎቹ ዞረው። «ከአፉ ወጣ። ከእንግዲህ ምን ምስክር ያስፈልጋል?»

ይህን ጊዜ ሚስቱ ከኋላ መጣች። ጋቢውንም ቦዩንም አላየችም፤ ፊቱን ነው ያየችው።

«አባባ፣» አለች፣ «ይህን ፊት አውቀዋለሁ። ሲተኛ የማየው ፊት ነው። ቀን አይቼው አላውቅም።»

«ረሳኋት ሲል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፤ ከፍቶኛልም። ግን እያስታወሰኝ ከጎኔ ሲተክዝ ከሚውል፣ ቀን ረስቶኝ ውሎ ማታ በዚህ ፊት ቢገባልኝ ይሻለኛል።»

ውኃው ወደ ገብሱ እየሄደ ነበር። አማቱ ከልጃቸው ወደ ሰውየው፣ ከሰውየው ወደ ቦዩ አዩ። ሰውየው ይቅርታ ለመጠየቅ ፈልጎ ይሆናል፣ ጎንበስ ብሎ ጋቢውን ሊያወጣ ሳበው።

«ተወው» አሉት አማቱ። «ብታወጣው ውኃው ይሄዳል።»

ያ ቃል ፍርድ ሆነ፤ ሚስቱም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሽማግሎቹ አንዱ፣ ገብሱ ከቦዩ በታች ያለው፣ ዋስ ገባለት። የውኃ አባቱ፣ ማለትም ውኃውን ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍለው ሰው፣ አርጅቶ ስለነበር ሰውየውን ረዳት አድርጎ ያዘው፤ ሲያርፍም ቦታውን ወረሰ። ሁሉም ነገር ሰምሮለት ኖረ እንዳልልሽ፣ ውሸት ይሆንብኛል። የውኃ ተራው ያለፈበት ገበሬ ሁሉ ይሰድበው ነበር። ከክረምት በኋላ ደለል ሲጠርግ ወገቡ እየተቆረጠ አልጋ ላይ የሚውልበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም ደለሉ ራሱ፣ ስድቡም ራሱ የሥራው ነበርና አልጠበበውም፣ አልሰፋውም። ያ ሕልም ግን ቀረ። መቅረቱን እሱ ልብ አላለውም። ጠዋት ጠዋት የሚነግራት ስታጣ ሚስቱ ገባት፤ አልነገረችውም።

እንግዲህ፣ ትርንጎ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። አጎትሽ ያገኘልሽን የቢሮ ሥራ ታስቢና ደረትሽን ታዳምጫለሽ። ማስተማሩን ታስቢና ታዳምጫለሽ፤ ልብስ ስፌቱን ታስቢና ታዳምጫለሽ። ደረት እንደዚያ ሲያፈጡበት ያፍራል፤ ዝም ይላል። አጎትሽ መልስ እየጠበቀ ስለሆነ ደግሞ ትጨነቂያለሽ፤ ሲጨንቅሽ እኔ ዘንድ መጣሽ። አልፈርድብሽም። ግን መልሱን የማያይ ሰው ነው የጠየቅሽው፤ ራስሽንም እኔንም። ሥራውን የወደደ ሰው መውደዱን ቆሞ የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ እጁ ተይዟላ። የሚያየው ከዳር የቆመ ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜም የተረሳው ሰው ነው።

ስለዚህ እኔን ተይኝ። የምትኖሪው ከእናትሽ ጋር ነው። ዛሬ ስትገቢ አጠገቧ ቁጭ በይና፣ «እማዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምን ሳደርግ ነው ጠርተሽኝ ያልሰማሁሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። አታስብበትም፤ ወዲያው ነው የምትነግርሽ። እየተቆጣች ስለምትነግርሽ እንዳይከፋሽ። ስትቆጣሽ የኖረችበት ያ ነገር ነው መልሱ።