አንገት ያጣመመው ሠንጠረዥ

አንድ ጊዜ፣ ትልልቆችም ትንንሾችም እስቲ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ፣ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ እጨርስላችኋለሁ፣ አንድ ጊዜ ዝናብ የራቀው ጫካ ነበር። ወንዙ ደርቆ፣ ኩሬው ጭቃ ሆኖ፣ የቀረችው ከዋርካው ሥር ያለችው ምንጭ ብቻ ነበረች።

ምንጭ አንድ ብቻ ሲሆን በይና ተበይ እዚያው ይገናኛሉ። ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳው አህያን ነው። ውሃ ልጠጣ ብላ ስታጎነብስ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አታይም። እቀራለሁ ብትል ደግሞ ጡቷ ይደርቃል፤ ውርንጭላዋ ገና ሣር አልለመደም።

አያ አንበሳ ይሄን ሰማና፣ «ሁሉም በተራው ይጠጣ! ተራውም ተጽፎ ዋርካው ላይ ይለጠፍ» ብሎ አዘዘ።

ኮምፒዩተር የምትነካው ቀበሮ ብቻ ነበረች። አህያ ተራዋ በደንብ መጻፉን ሳታይ መሄድ አልሆነላትምና ከቀበሮ ጀርባ ቆማ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ቀበሮ ሠንጠረዥ አሰመረች። ከላይ ስም፣ ከስሙ ሥር የመጠጫ ሰዓት። እንስሳው ብዙ፣ ወረቀቱ አንድ፣ ሳጥኖቹም ጠባብ ናቸው። «ጅብ» ገባ። «አህያ» ገባ። የአንበሳው ተራ ሲደርስ ግን «ግርማዊ የዱሩና የገደሉ ጠባቂ አንበሳ» የሚለው ስም አልገባ አለ። ፊደል ከፊደል ሥር እየተሰበረ ቁልቁል ወረደ።

«ምነው ጌታችን እንደ ቆሎ ተበተኑ?» አለች አህያ።

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል!» ቀበሮ አንድ ነገር ጫን አደረገች። የአንበሳው ስም ሙሉውን ተነሥቶ፣ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ሆኖ፣ በጎኑ ቆመ። ደስ አላት። የሌሎቹንም ስም አንድ በአንድ አቆመችው። ቀጥላም ስሞቹን ሁለት ሁለት እያደረገች፣ በር ላይ እንደቆሙ ዘበኞች፣ በመሃላቸው ወዳለው መስመር አስጠጋቻቸው። ጅብ ከግራው ሳጥን ወደ ቀኝ፣ አህያ ከቀኙ ሳጥን ወደ ግራ።

«እመት ቀበሮ፣ የኔ ስም አያ ጅቦ ላይ አልተለጠፈም?»

«መሃላችሁ መስመር አለ እኮ!»

«መስመሩ ቀጭን ነው።»

«አንቺ የምታውቂው ጭነት ነው፣ እናቴ። ይሄ ዲዛይን ነው።»

ወረቀቱ ዋርካው ላይ ተለጠፈ። እንስሳው ሁሉ ተሰብስቦ አንዱ አንገቱን ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ጦጣ፣ «ሲያምር!» አለች። ሌላውም «ሲያምር!» አለ። ማንበብ ያቃተው ብዙ ነበር፤ ግን ጎረቤቱ «ሲያምር» እያለ ማን ደፍሮ «አልገባኝም» ይላል? አህያም ከስሟ ሥር «ጠዋት» የሚለውን አየችና ወደ ውርንጭላዋ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ምንጩ ዳር ስትደርስ ማን ቢቀድማት ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ደግሞ ውሃውን አያይም፤ እሷን ነው የሚያያት።

«አያ ጅቦ፣ የርስዎ ተራ ማታ አይደለም እንዴ?» አለች።

«ውሃዬማ ማታ ነው፤ ይሄ ቁርሴ ነው» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ። «አላነበብሽም? ‹ጅብ፣ አህያ፣ ጠዋት› ይላል። ሁለቱን ስም እንዲህ አጣብቆ የጻፈው ለቁርስ ካልሆነ ለምን ይሆናል? መንግሥት ሲያስብልኝ ኖሯል!»

አህያ ልትሮጥ አሰበች። ከጅብ ሮጦ ማምለጥ ግን የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ቆመችና ጅብ ያነበበውን ነገር በልቧ ደግማ አነበበችው።

«ከተጻፈማ ምን እላለሁ» አለች። «ብቻ አንገትዎን ወዴት አዘንብለው ነው ያነበቡት?»

«ወደ ግራ።»

«አዬ! ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉት እኮ ቀድሞ የሚመጣው የኔ ስም ነው። ‹አህያ፣ ጅብ፣ ጠዋት›። እንግዲያው በይዋ እኔ ነኛ!»

«አንቺ? ሣር በሊታዋ?»

«ምን ላድርግ፣ የተጻፈ ነው!» አለችና ትልልቅ ጥርሷን ገለጥ አደረገችለት።

ጅብ ደነገጠ። ወደ ዋርካው ዞሮ አንገቱን ወደ ቀኝ አዘነበለ። ፊደሎቹ ተገለበጡ፤ እሱ ድሮም ፊደል በደንብ አይለይምና ግድ አልሰጠውም። እውነትም አህያ ትቀድማለች! ወደ ግራ አለ፤ ጅብ ቀደመ። ወደ ቀኝ አለ፤ አህያ። «በላሁ... ተበላሁ... በላሁ...» ሲል አህያ ጆሮዋን አጋድማ ወደ አንበሳው ቤት ፈረጠጠች።

አንበሳ ጥላ ሥር ተኝቷል፤ ቀበሮም አጠገቡ ናት። አህያ እያለከለከች የሆነውን ነገረቻቸው።

«ማንበብ ላልቻለ እኔ ምን ላድርገው?» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ። «ጥፋቱ የጅብ ነው። ካልሆነም የማሽኑ ነው።»

አንበሳ የወረቀቱን ትርፍ ቅጂ አስመጣ። ራሱን ዘንበል ሲያደርግ ጎፈሩ ዓይኑ ላይ ተደፋ። መልሶ አቀናው። አህያ የደረቀውን ከንፈሩን ያየችው ያኔ ነው።

«ጌታዬ፣ እርስዎም አልጠጡም?»

«ተራዬን አላገኘሁትም» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ። «ንጉሥ ሆኜ የት ጋ ነው ብዬ ልጠይቅ?» ከዚያ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ለመሆኑ ስሙን ለምን አቆምሽው?»

ቀበሮ መሬት መሬት አየች። «የርስዎ ስም ረዝሞ ነው። የርስዎን ብቻ አቁሜ የሌላውን ባጋድም ደግሞ ወሬ ይሆናል ብዬ...»

‹ስምዎን ያሳጥሩ› ብሎ ለአንበሳ የሚናገር የለም። አህያም አልደፈረችም። ውርንጭላዋ ግን ከሩቅ ስታናፋ ሁሉም ሰማ።

አንበሳ ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። «‹አንበሳ› ብለሽ ጻፊ» አለ በመጨረሻ። «በዚህ የማያውቀኝ ካለ ይምጣና እንተዋወቃለን።»

ቀበሮ ስሞቹን ሁሉ አጋደመች፤ እያንዳንዱንም በየሳጥኑ መሃል አስቀመጠችው። አዲሱ ወረቀት ሲለጠፍ ጅብ አሁንም ዋርካው ሥር ነበር፤ አንገቱ ተጣሞ ቀርቷል። «ይሄማ ተጣሟል!» ብሎ ጮኸ። «የድሮውን መልሱልኝ!» ሁሉም ሳቀ። አህያ ግን ስሟን ቀና ብላ ከሩቅ አነበበች፤ ከዚያ ውሃዋን ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው ጽሑፍ አማረ የሚባለው አንባቢው ሳይሳሳት ሲያነበው መሆኑን ነው፤ ቀበሮ ምንጩ ዳር «ቆሞ ግን ያምር ነበር እኮ!» ብላ ስታጉረመርም አህያ ከውሃው ቀና ብላ፣ «ያማረው ላንቺ ነው፤ ተበይዋ ግን እኔ ነበርኩ!» አለቻት።