ይርገዱና የወይራው ብዕር

እስቲ ጠጋ በሉ። ነገሬ አጭር ናት፤ ብቻ እየተጎተተች ትረዝማለች።

ይርገዱ የምትባል እናት አንድ ልጇ ሞተባት። አርባው ነገ ነው። የምትፈልገው የክርስትና ስሙ በደብሩ መጽሐፍ ላይ እንዲጻፍላት ብቻ ነበር። ካልተጻፈ፣ ነገ ቄሱ የሙታንን ስም ሲጠሩ ልጇ ይዘለላል።

ወደ ጸሐፊው ወደ መሪጌታ ልሳነወርቅ ሄደች።

«እሺ ልጄ፣ ስሙ ማን ነው?» አሏት።

ዓይኗን ወደ ብዕራቸው መለሰች። ቤት ውስጥ «ደምለው» እያለች ነበር የምትጠራው። የክርስትና ስሙ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠራው ፍትሐቱ ላይ ነው። እሱን መጥራት ሞቱን ማመን መሰላት።

«ብዕርዎ ተሰንጥቋል እኮ!» አለች በምትኩ።

መሪጌታ አዩት። «እውነትሽን ነው። ያለ ብዕር አልጽፍም። ድሮ ታቦቱ ወደ ደብራችን ሲመጣ ከሥሩ ካረፈበት ከወይራው ሌላ አምጪልኝ፤ በዚህ ደብር ስም የሚጻፈው በእሱ ነው።»

እሷ እቴ! ስሙን ከመጥራት ተርፋ እፎይ ብላ ወጣች።

«ወይራ ሆይ፣ ብዕር ስጠኝ፤ መሪጌታ ያለ ብዕር አልጽፍም አሉ።»

«የወደቀ ቅርንጫፌ ያውልሽ። ግን ያለ ቢላ አልጠረብም» አላት።

«ቢላ ሆይ፣ ወይራውን ጥረብልኝ፤ ወይራው ያለ ቢላ አልጠረብም አለ፤ መሪጌታ ያለ ብዕር አልጽፍም አሉ።»

«ዶልዱሜ? ካልተሳልሁ አልጠርብም!»

«ድንጋይ ሆይ፣ ቢላውን ሳልልኝ፤ ቢላው ካልተሳልሁ አልጠርብም አለ፤ ወይራው ያለ ቢላ አልጠረብም አለ፤ መሪጌታ ያለ ብዕር አልጽፍም አሉ።»

«እንዲህ ደርቄ? ካልራስሁ አልስልም።»

ወደ ጠበሉ ወረደች። ጠበሉ መፍሰሱን አቁሟል።

«ጠበል ሆይ፣ ድንጋዩን አርስልኝ፤ ድንጋዩ ካልራስሁ አልስልም አለ፤ ቢላው ካልተሳልሁ አልጠርብም አለ፤ ወይራው ያለ ቢላ አልጠረብም አለ፤ መሪጌታ ያለ ብዕር አልጽፍም አሉ።»

«ለማን ብዬ ልውረድ?» አለ ጠበሉ።

«ለልጄ።»

«የስንቱ ልጅ በእኔ ተጠምቋል። የትኛው ልጅሽ? ስም የለውም?»

«ተወኝ!» ብላ ጮኸች።

ጠበሉ ተዋት። ከዚህ ወዲያ የምትሄድበት የለም። ጠበሉ ይወርድበት ከነበረው ዓለት ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ወልደ ገብርኤል» አለች በመጨረሻ። «ልጄ ወልደ ገብርኤል ሞተብኝ።»

ጠበሉ ወረደ። ጠበሉ ድንጋዩን አራሰ፤ ድንጋዩ ቢላውን ሳለ፤ ቢላው ወይራውን ጠረበ፤ ወይራው ብዕር ሆነ፤ ብዕሩ መሪጌታ እጅ ገባ።

«ስሙ ማን ነው?» አሉ እንደ ገና።

ነገረቻቸው። ጻፉት።

በማግስቱ ቄሱ ስሞቹን አንድ በአንድ ጠሩ። «ወልደ ገብርኤል» ሲሉ፣ ከሴቶቹ መካከል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«አቤት» አለች ይርገዱ፣ በልጇ ፈንታ።

ነገሬም እዚህ ደረሰች። እናንተም ነፍስ ይማር በሉልኝ።