በሩዝ የተጣበቀው ሰገባ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ አገሩ ጃፓን፣ አዝመራውም ሩዝ። አትቁነጥነጥ ይትባረክ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ ከወንድሜ ጋር የያዝነውን ቂም አውጥተን ብንነጋገር የቤታችን ስም አይበላሽም ወይ?» ነው ያልከኝ። እንግዲህ ስማ።

ገበሬው ከእናቱ የወረሰው አንድ ጥንታዊ ጩቤ ነበረው። በዚያ አገር ሙሽራ ስትዳር ጩቤ በመቀነቷ ትሸጉጣለች፤ እናቱም ያንኑ ሸጉጣ ነው የተዳረችው። ሰገባውን የሠራላት አባቷ ነበር። እንጨት ጠርቦ፣ የዛፍ ሙጫ ደጋግሞ ቀብቶ እንደ መስታወት አለስልሶት፣ በላዩ የወርቅ ሽመላዎች ስሎበታል።

ገበሬው በሰገባው ይኮራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከሣጥን አውጥቶ ያሳያል፤ እንግዳውም አድንቆ ይሄዳል። ጩቤውን ግን መዞ ያየ አልነበረም፣ እሱም ጭምር።

የሴት ልጁ ሠርግ ሲደርስ ልጅቱ ጩቤውን ልትመዝ ሞከረች። እምቢ አለ። አባትዬውም ቢታገል እምቢ አለ። ከሰገባው አፍ ቀይ ዱቄት እጁ ላይ ረገፈ። ጩቤው ውስጥ ለውስጥ ዝጎ ተጣብቆ ኖሯል።

«ተይው የኔ ልጅ» አላት። «ሽመላዎቹ ከላይ ይታያሉ። ማን መዘሽ አሳዪን ይልሻል?»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ አባባ» አለችው። «ከቤትህ የማይመዘዝ ጩቤ ይዤ ልውጣ?»

ገበሬው ሰገባውን አገላብጦ አየው። ሰገባውን ቢሰነጥቅ የአያቱን ሥራ በገዛ እጁ ማፍረሱ ነው፤ ቢተወው ጩቤው ያልቃል፣ ልጁም ባዶ ጌጥ ተሸክማ ትሄዳለች። በመጨረሻ ጨከን ብሎ ቢላዋ በሰገባው ጠርዝ ላይ አሳረፈና ተጫነው።

ሰገባው አልተሰበረም። በመጋጠሚያው ለሁለት ተከፈተ፤ ከሽመላዎቹ አንድ ላባ እንኳ አልጎደለም። ከመሃሉም ነጭ ፍርፋሪ ረገፈ። ገበሬው በጣቱ አሸት አድርጎ አየውና ሳቀ፤ ሩዝ ነው፣ ሩዝ ደግሞ እሱ አይጠፋውም። አያቱ ሁለቱን ግማሽ ያጣበቃቸው በተቀቀለ ሩዝ ነበር። ጠንካራ ሙጫ አጥቶ አይደለም፤ የሙያው ብልሃት ይኸው ነበር። አንድ ቀን ዝገት እንደሚመጣ ስላወቀ፣ ሲዘጋው እንዲከፈት አድርጎ ነው የዘጋው።

ጩቤው ተወለወለ፤ ዝገቱ ከላይ ከላዩ ነበር እንጂ ወደ ልቡ አልዘለቀም። ሰገባው ተጠርጎ እንደገና በሩዝ ተጣበቀ፣ ያውም በገበሬው ማሳ ሩዝ። ሙሽራዋ በሠርጓ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት መዘዘችው፤ ፀሐይ አረፈበትና ቦግ አለ፣ መንደሩም በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው አባትዬው ነው። ያን ቀን የኮራው በጩቤውም በሰገባውም ነበር።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ይትባረክ። አንተና ወንድምህ ሰው የሚያደንቀው ሰገባ አላችሁ፤ በየክርስትናው በየለቅሶው ጎን ለጎን ትቀመጣላችሁ። ውስጡን ግን ዝገት እየበላው ነው። እናታችሁ ያጣበቀቻችሁ ከአንድ ትሪ ባበላቻችሁ እህል ነው፤ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እሱም ያውቃል። ዛሬውኑ ሂድና ክፈተው። ሽመላዎቹ አይነኩም።